ተራራው ያስቀረው ድምፅ

መብረቅ ሲበርቅ እስካሁን እቆጥራለሁ። ትናንት ከሰዓት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መስኮቱ ቦግ አለ፤ እጄ ልብስ እያጠፈ ከንፈሬ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ማለት ጀመረ። ነጎድጓዱ አሥራ ሁለት ላይ ደረሰ፤ አራት ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ይህን ያስተማረን የአሥረኛ ክፍል የፊዚክስ መምህራችን ነበር። ሆዴን የሚያባባው ግን ከኩዌት ወዲህ ነው፤ እስቲ እሱን ልንገርሽ።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። አርዲያ ውስጥ ሰው ቤት እሠራለሁ። ኮሮናው ገብቶ ሰዓት እላፊው፣ እነሱ ሐዝር የሚሉት፣ መንገዱን ሁሉ ባዶ አድርጎታል። ከመስጊዱ የሚጣራው ሰውዬ እንኳ ኑ ማለቱን ትቶ፣ በየቤታችሁ ስገዱ ይል ነበር። መጀመሪያ እንዲያ ያለ ዕለት ድምፁ መሃል ላይ ተሰበረ፤ ማዳም ሩዙን ምድጃ ላይ ትታ አለቀሰች። ቤቱ በረኪና በረኪና ይሸታል። የበሩን እጀታ ሁሉ ደጋግሜ ስጠርግ የጣቶቼ ቆዳ ተልጦ ነበር።

የእኔ ልብ ግን አገር ቤት ነበር። እናቴ ታማለች፤ ኩላሊቷ ነው ይሉኛል። አውሮፕላን የለም። አቡ ሐሊፋ የምትሠራው ታላቅ እህቴ እንኳ፣ በመኪና ግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ ሆና፣ መጥታ ልታየኝ አትችልም። በየቀኑ ወደ አገር ቤት እደውላለሁ። የእማዬን ድምፅ ከሰማሁ ሥራው ይቀለኛል፤ ካልሰማሁ ሳህን እሰብራለሁ።

የቤቱ ልጅ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ከጓደኞቿ ጋር የምትጫወተው አንድ ጨዋታ ነበራት፤ እሷ ደብተር ላይ አንድ ዓለም ትፈጥራለች፣ ከነንጉሡ ከነዘንዶው፤ ሌሎቹ በዚያ ዓለም የሚኖሩ ሰዎች ሆነው የሚያደርጉትን ይናገራሉ። ከዚያ ሃያ ጎን ያላት፣ በየጎኗ ቁጥር የተጻፈባት ሰማያዊ ጠጠር ትወረወራለች፤ ነገሩ መሳካት አለመሳካቱ በሚወጣው ቁጥር ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጓደኞቿን በስልክ መጫወቱ አንድ በአንድ ሰለቻቸውና ዓለሟ ያለ ሰው ቀረ። አንድ ቀን ማዳም ከምሳ በኋላ ጋደም ስትል ደብተሯን ይዛ ወጥ ቤት መጣች። አስማተኛ መሆን ትፈልጊያለሽ ወይስ ባለ ሰይፍ አለችኝ። የእድር ጥሩንባ ነፊ እሆናለሁ አልኳት፤ ሰው ሲሞት ለሰፈሩ የሚያስታውቀው ነው ብዬ አስረዳኋት። መሣሪያሽስ ስትለኝ ጥሩንባዬ አልኳት። ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ በዚያ ወር ሌላ የሳቅሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

በዓለሟ ላይ ጅራታም ኮከብ ልትጥል ነበር። እንደ ተረት ግን አይደለም። በሌሎች ጨዋታ ኮከቡ ይወድቅና ጀግናው አቧራውን አራግፎ ይነሣል፣ በእኔ ግን ማንም አይነሣም አለችኝ። ተራራ የሚያህል በረዶና ድንጋይ እንደሆነ፣ አቧራው ፀሐይን ጋርዶ እህል እንደማያበቅል ከስልኳ እያነበበች ትጽፋለች። ለየከተማው ርቀት አወጣችለት፤ ብርሃኑ ወዲያው፣ መሬቱ መንቀጥቀጡ ቀጥሎ፣ ድምፁ ግን መጨረሻ ላይ ይደርሳል። ለአንድ ኪሎ ሜትር ሦስት ሴኮንድ ነው አልኳት። ስልኳ ላይ አረጋገጠችና፣ ሳህን ከማጠብ ሌላ የማውቀው ነገር እንዳለ ያን ጊዜ የገባት ይመስል፣ ቀና ብላ አየችኝ። የእኔ መንደር ሺህ ኪሎ ሜትር ርቃ ነበር። አብረን አስልተን ሃምሳ ደቂቃ ጻፍን። በዚያ ሃምሳ ደቂቃ ውስጥ ሰው ምን ያደርጋል ብላ ጠየቀችኝ። ሰማዩ ነጣ ብሎ፣ መሬቱም ነቅነቅ ብሎ ይደነግጥና፣ ከዚያ አለፈ ብሎ ምሳውን ይበላል አልኳት።

ኮከቡ በማግስቱ ወደቀ። በዚያው ሳምንት እህቴ ደውላ፣ እማዬ ጠበል ገብታለች፣ እዚያ ኔትዎርክ የለም አለችኝ። አመንኳት። ጠበል ከገባችማ ትድናለች ብዬ ደስ አለኝ፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ደስታዬ ነው።

ከዚያ ወዲህ የልጅቷ ዓለም ሕጉን ሳተ። ድምፁ ደረሰ ወይ ስላት፣ ገና ነው ትለኛለች። በመንደሬ መሸ፣ ነጋ፣ ሰው ገበያ ወጣ፣ ሙሽራ ተዳረች፤ ድምፁ ግን የለም። ወር አለፈ። እኔ ደግሞ ነገር ከያዝኩ አለቅም።

"ሦስት ሴኮንዱ የት ገባ? ድምፁንም ሐዝር ያዘው እንዴ?" አልኳት።

"ተራራ አለ፤ ተራራው ይዞት ነው" አለች፣ እንዳቀረቀረች።

ተራራ ሃምሳ ደቂቃን ወር እንደማያደርገው ሁለታችንም እናውቃለን። አንድ ቀን በጣም ተናደድኩና ጠጠሯን ከእጇ ነጠቅኋት። በቃ ጥሩንባዬን እነፋለሁ፣ ሰው የመጣበትን ማወቅ አለበት አልኳት። ዓይኗ እንባ ሞላ።

"አትንፊ። ይብሉ። ዋላህ፣ ዛሬ ብቻ ይብሉ።"

ደብተሯን ጥላ ወደ ላይ ሮጠች። የሀብታም ልጅ ቅብጠት ነው ብዬ ወደ ሳህኔ ተመለስኩ።

ሐዝሩ በተነሣ በመጀመሪያው ዓርብ፣ ገና በማለዳ፣ የግቢው በር ተደወለ። ስከፍት እህቴና ሁለት የቤተ ክርስቲያን እህቶቻችን ቆመዋል፤ ሦስቱም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ማንም ምንም ሳይለኝ ጮህኩ።

እማዬ ያረፈችው ጠበል ገባች በተባልኩበት ቀን ነው። አርባዋ ወጥቶ ነበር። ብቻውን ላለ ሰው መርዶ አይነገርም፤ ደግፎ የሚያስለቅስ ያስፈልገዋል። እህቴም መንገድ ተከፍቶ ራሴ መጥቼ እስካረዳት ድረስ እንዳትነግሯት ብላ የማዳምን ቤተሰብ በስልክ ለምና ነበር። የደወለች ዕለት ማዳም ተኝታ ስለነበር ስልኳን ያነሣችው ልጅቷ ናት። እኔ በረኪና ስረጭ ቤቱ ሁሉ ያውቅ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ ተቆጣሁ፤ እህቴን ገፈተርኳት።

ልጅቷ በባዶ እግሯ ወርዳ መሬት ላይ ከእኛ ጋር ተቀመጠች። እንደኛ ማልቀስ አታውቅበትም፤ የቀሚሴን ጫፍ ጨብጣ ያዘች።

ከሳምንት በኋላ፣ በዚያችው የምሳ እረፍት ሰዓት፣ ደብተሯን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ከፈተችልኝ። ከመንደሬ ስም ጎን ሃምሳ ደቂቃ የሚለው በላጲስ ተፍቆ፣ እንደገና ተጽፎ፣ እንደገና ተፍቆ፣ ወረቀቱ ሳስቶ ተበስቷል። ጠጠሯን ወደ እኔ ገፋ አደረገቻት።

"አሁን መንፋት ትችያለሽ" አለችኝ።

መንደሬን አሰብኳት። ልጆቹን፣ ሙሽራዋን፣ ከገበያ የሚመለሱትን።

"ተያቸው፤ ይብሉ" አልኳት።

ውሌ አልቆ ስመለስ ጠጠሯን ሻንጣዬ ውስጥ ከተተችልኝ። ትንሽ ጊዜ ተደዋወልን፤ ከዚያ ቁጥሯ አልሠራ አለ። ይኸው ትናንት፣ ልብሱን ሳልጨርስ፣ መብረቁ ሁለተኛ በረቀ። ቆጠርኩ። ሠላሳ አለፈ፣ ስልሳ አለፈ፣ መቶ ላይ ደረስኩ፤ ምንም የለም። ተራራው ይዞት ይሆናል ብዬ ልብሴን ማጠፍ ቀጠልኩ።