ስክሪኑን አጥፍቼ የምጠቀምበት ላፕቶፕ

ለእያንዳንዱ ተማሪ ላፕቶፕ ሊሰጥ ነው የተባለ ሰሞን አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ትምህርት ቤታችን ከሳጉሬ ወጣ ብሎ፣ ገብስና ስንዴ በሚዘራበት ገጠር ውስጥ ነው። የብዙዎቻችን ቤት መብራት አልገባለትም። እኔ ደግሞ ማየት አልችልም፤ በሕፃንነቴ ኩፍኝ ይዞኝ ነው ዓይኔ የጠፋው። ብሬል አሰላ ተምሬያለሁ፤ ሁለተኛ ደረጃ ስገባ ግን በብሬል የታተመ መጽሐፍ አጣሁ። ስለዚህ አጠገቤ የምትቀመጠው ጓደኛዬ በእረፍት ሰዓቷ ታነብልኝ ነበር። ፈተና ሲመጣ እኔ መልሱን እናገራለሁ፣ አንድ መምህር ይጽፍልኛል።

ላፕቶፖቹ የታደሉ ዕለት ወላጆች እንዲፈርሙ ተጠርተው ሜዳው ላይ ተሰበሰቡ። አባቴ ጋሪ ነጂ ነው፤ ፈረሱን አጥሩ ላይ አስሮ መጣ። ዳይሬክተሩ ስም እየጠሩ ሲሰጡ፣ በስም ጥሪ ከእኔ የምትቀድመውን ልጅ ጠሩ፤ ቀጥለው ከእኔ በኋላ ያለውን ጠሩ። የተሳሳቱ መስሎኝ ነበር። አባቴ ግን እጄን ይዞ ወደ ፊት ወሰደኝ።

"የእኔ ልጅ ቀረች፣ ጌታዬ" አላቸው።

"ለእሷ ሌላ ነገር አስበናል፣ አባባ። ሬዲዮ ይሻላታል። ይኼ በዓይን የሚሠራ ዕቃ ነው፤ ሊሰበርባትም ይችላል።" ድምፃቸው ክፋት አልነበረበትም፤ የሚያዝን ሰው ድምፅ ነበር።

"እሷ ዕቃ አትሰብርም" አለ አባቴ። "እኛ ቤት ብርጭቆ የምሰብረው እኔ ነኝ፣ ያውም ሁለት ዓይን እያለኝ።"

ሰዉ ሳቀ። በሳቁ መሃል የኮምፒውተር መምህራችን ተናገረች። "ለሁሉም ተማሪ ነው የተባለው። ደግሞ ማሽኑ ራሱ ያነብላታል፤ እኔ አሳያታለሁ።"

ዳይሬክተሩ አባቴን "እንግዲያው ይፈርሙ" አሉት። ላፕቶፑን እጄ ላይ ሲያስቀምጡልኝ ክብደቱ ደስ አለኝ።

መምህራችን በማግስቱ የሚያነበውን ድምፅ ከፈተችልኝ። የፈረንጅ ሴት ድምፅ ነው፣ በእንግሊዝኛ ይሮጣል። መጀመሪያ ምንም አልገባኝም ነበር። ፍጥነቱን ቀነሰችልኝ። ከዚያ ጣቶቼን አንድ በአንድ የቁልፍ ሰሌዳው ላይ አስቀመጠች፤ ኤፍ እና ጄ ላይ ትንሽ ጉብታ እንዳለ ያወቅኩት ያኔ ነው። ከዚያ ጉብታ ተነስቼ ሌሎቹን ፊደላት በሙሉ አገኘኋቸው። ብሬል ለለመደ ጣት ይኼ አይከብደውም።

በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ላፕቶፑ ላይ ከተጫነው የባዮሎጂ መጽሐፋችን አንድ ምዕራፍ ማንንም ሳላስቸግር አነበብኩ። ያልገባኝን መልሼ፣ እንደገናም መልሼ አስነበብኩት፤ ማሽኑ አልሰለቸም። ለጓደኛዬ ስነግራት "በቃ ከእኔ ተገላገልሽ" አለችኝ።

"አንቺ ነሽ ከእኔ የተገላገልሽው" አልኳት። አቅፋኝ ሳቀች። አጠገቤ መቀመጧን ግን አልተወችም።

ባትሪ የምንሞላው ትምህርት ቤት ነው። ሌሎቹ ቤት ወስደው ትንሽ እንደሠሩበት ይዘጋባቸዋል። እኔ ስክሪኑ ስለማያስፈልገኝ አጥፍቼው እሠራለሁ፤ የእኔ ባትሪ ቶሎ አያልቅም። "የአንቺን ማሽን ለይተው ነው እንዴ የሰጡሽ?" እያሉ ይጠይቁኝ ነበር።

ክፍል ውስጥ ሌሎቹ በአንድ ጣት ፊደል ሲፈልጉ መምህራችን የእኔ ጣቶች በፍጥነት ሲመቱ ሰማች መሰለኝ፣ "ነይ እስቲ፣ አስተምሪያቸው" አለችኝ። ፊታቸው ቆምኩ። እጃቸውን በሹራባቸው እንዲሸፍኑ፣ ጉብታዎቹን በጣታቸው እንዲፈልጉ ነገርኳቸው። አንድ ቀን ዳይሬክተሩ ገብተው ከኋላ ተቀመጡ። ክፍሉ ጸጥ ብሎ ሲለማመድ "ጄ የትኛው ጣት ላይ ነው አልሽ?" ብለው ጠየቁኝ። "የቀኝ እጅዎ አመልካች ጣት ላይ" አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ይመጡ ጀመር።

በዓመቱ መጨረሻ የእንግሊዝኛ ፈተና ላይ ስለ መንደራችን ድርሰት እንድንጽፍ ታዘዝን። ያን ዕለት የሚጽፍልኝ መምህር አልተጠራም። በላፕቶፔ ጻፍኩ፣ ደመሰስኩ፣ ደግሜ ጻፍኩ። ውጤቱ ሲመለስ ከክፍሉ አንደኛ አልነበርኩም፤ የሆሄያት ስህተት ሠርቼ ነጥብ ተቀንሶብኛል። ያም ስህተት የራሴ ስለነበር ቅር አላለኝም።

ከትምህርት ቤት ስወጣ አባቴ ጋሪውን ይዞ ይጠብቀኝ ነበር። ውጤቴን ነገርኩት።

"ማን ጻፈልሽ?" አለኝ።

"እኔው ነኝ የጻፍኩት፣ አባዬ።"

ጋሪው ላይ አውጥቶኝ ጉዞ ጀመርን። መንገድ ላይ አንዲት ሴትዮ ተሳፈሩ። ገና ሳይደላደሉ አባቴ በኦሮምኛ "ይቺ ልጄ ናት፤ ፈተናዋን ራሷ ጻፈች" አላቸው። ቀጥሎ ለተሳፈረውም ነገረው። ቤት እስክንደርስ ጋሪው ላይ ለወጣ ሰው ሁሉ እንዲያ እያለ ሄደ። እኔም ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ እሰማው ነበር።