መሸሽና መለወጥ

ገና ልጅ ሳለሁ፣ በውጭ አገር ዋይት ሴንተር በሚባል ሰፈር በነበረው አሮጌ ቤታችን ምድር ቤት ውስጥ ጋሼ መኩሪያ የሚባሉ የአባቴ የአገር ልጅ ይኖሩ ነበር። የኅዳር ንፋስ ዛፍ እየጣለ መብራት ሲያጠፋብን እናቴ ሻማ ታበራለች፣ አባቴ ምድጃው ውስጥ እርጥብ እንጨት ይከምርና ሳሎኑን በጭስ ይሞላዋል፣ ጋሼ መኩሪያም እያሳሉና አባቴን እየተረቡ ደረጃውን ይወጣሉ። ያኔ መብራቱ ቶሎ እንዳይመጣ እጸልይ ነበር፤ ከመጣ ቴሌቪዥኑ ይከፈታል፣ ተረቱም ይቀራል።

የእሳቸው ተረት አንበሳና ጦጣ አልነበረበትም። ጋሼ መኩሪያ መሀል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ሲጠብቁ፣ ጠዋት ጠዋት መናፈሻ ውስጥ ታይ ቺ የሚባለውን ዝግ ያለ የሰውነት እንቅስቃሴ ከሚያስተምሩ አንድ ቻይናዊ አዛውንት ጋር ተዋውቀው ነበርና ወሬያቸው ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው። እኔ በጣም የምወደው የራሳቸውን ጉድ የሚያወሩበትን ነበር።

ታይ ቺ ውስጥ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው፣ የእጃቸውን አንጓ አገናኝተው ቀስ ብለው የሚገፋፉበት ልምምድ አለ። መምህሩ «ግፋኝ» ይላሉ። ጋሼ መኩሪያ ግን ትልቅ ሰው ሲገባ ብድግ እያሉ፣ በር ላይ እያስቀደሙ ያደጉ ሰው ናቸው፤ እንዴት አድርገው በአባታቸው ዕድሜ ያለ ሰው ደረት ላይ እጃቸውን ያሳርፉ? መምህሩ ገፋ ባደረጓቸው ቁጥር አንገታቸውን ሰበር አድርገው ወደ ኋላ ይላሉ። መምህሩ ተደነቁ። ሌሎቹን ተማሪዎች ጠርተው «ልስላሴ ማለት ይሄ ነው፣ እዩት!» ብለው አሞገሷቸው። ጋሼ መኩሪያም ምስጋናው ሞቅ አድርጓቸው ማፈግፈጉን ቀጠሉበት፤ አፈግፍገው አፈግፍገው የመናፈሻው ኩሬ ውስጥ ከነጫማቸው ገቡ።

እዚህ ላይ ተነሥተው አወዳደቃቸውን ያሳዩናል፤ ጥላቸው ግድግዳው ላይ ሲንገዳገድ አባቴ እንባው እስኪመጣ ይስቃል።

«ከዚያ ምን አሉዎት?» እላለሁ፣ መልሱን እያወቅሁ።

«እየሳቁ አወጡኝና ‹ለካ አንተ ትሸሻለህ እንጂ አትለወጥም› አሉኝ። ሶ፣ ገባሽ? የሸሸ ሰው እንደሸሸ ይቀራል። እዚህ ትምህርት ውስጥ ግን የሞላው ባዶ ይሆናል፣ ባዶው ደግሞ ይሞላል። የሚገፋሽን ተቀብለሽ አብረሽው ትዞሪያለሽ፤ ወደ ኋላ መሄድሽ ራሱ ወደ ፊት ይሆንልሻል።»

«ኦኬ» እላለሁ። አልገባኝም ነበር።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ኤቨረት የሚባል ከተማ የምትኖረው የጋሼ መኩሪያ ልጅ መንታ ወለደችና ኮል አድርጋ መጥተው አብረዋት እንዲኖሩ ለመነቻቸው። አባቴ «በሞቴ፣ ብርዱ እስኪያልፍ እንኳ» ቢላቸው እምቢ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። የኔ ደግሞ ባሰ። ሻንጣቸው ውስጥ ያስገቡትን ልብስ መልሼ አወጣለሁ፣ እራት አልበላም ብዬ አኮርፋለሁ። አያቶቼን አላውቃቸውም፤ እናትና አባቴ ሥራ ስለሚያመሹ ከትምህርት ቤት ስመለስ በር የሚከፍቱልኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ፣ እሳቸው ከሄዱ ያ ቤት ለእኔ ምን እንደሚሆን ማሰብ አልችልም ነበር። እኔ በያዝኳቸው ቁጥር ግን እሳቸው ይብስ ይጠነክራሉ። «እሄዳለሁ ብያለሁ፣ እሄዳለሁ!» ይሉኛል፣ ከዚያ በፊት ሰምቼው በማላውቀው ደረቅ ድምፅ።

የሚሄዱበት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አባቴ መኪናውን በር ላይ ፓርክ አድርጎ ዕቃቸውን ሲጭን፣ እኔ የውጪው ደረጃ ላይ እጅጌያቸውን ጨምድጄ ይዤ ነበር። እሳቸው ክንዳቸውን ይስባሉ፣ እኔም እስባለሁ። ድንገት ደከመኝ። ብልሃት መጥቶልኝ እንዳይመስላችሁ፤ እንዲሁ ደከመኝ። ሮጬ ክፍሌ ገብቼ በሩን ልዘጋ አስቤም ነበር። ግን እጅጌውን ለቅቄ እጃቸውን ያዝኩና፣ እሳቸው ወደሚሄዱበት ወደ መኪናው አብሬአቸው ዞርኩ።

«በሉ ይሂዱ ጋሼ» አልኳቸው። «ሕፃናቱ ይጠብቁዎታል።»

ጋሼ መኩሪያ አንድ እርምጃ እንኳ አልተራመዱም። ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊታቸውን ሸፈኑበትና አለቀሱ። አባቴ ሻንጣ እንዳንጠለጠለ ደንግጦ ቆመ። ለካ ያን ሁሉ ቀን አጠንክሮ ያቆማቸው የእኔ መጎተት ነበር፤ ስለቅቃቸው የሚደገፉበት አጡ። አጠገባቸው ተቀምጬ፣ እሳቸው ሁልጊዜ ለእኔ እንደሚያደርጉት ጀርባቸውን እየዳበስኩ «አይዞዎት» አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ታይ ቺን ራሴም ተምሬአለሁ፤ ስለ ለውጥ በቃል ሲያስረዱኝም ብዙ ሰምቻለሁ፣ አብዛኛው ጠፍቶብኛል። ከዚያ ደረጃ ስንነሣ ግን እኔ ልጂቱ ነበርኩ ደጋፊዋ፤ ጋሼ መኩሪያ ትከሻዬን ይዘው ተነሡ፣ እስከ መኪናውም እንደያዙኝ ሄዱ። የእጃቸው ክብደት እስከ ዛሬ ትከሻዬ ላይ አለ።