ጽዋ ተረካቢው

የነርስ ተማሪ ሆኜ አንደኛ ዓመት ሳለሁ ለመስክ ትምህርት የተመደብኩት አምባ ጊዮርጊስ ነበር። ከጎንደር በማለዳው አውቶቡስ ወጥተን ስንደርስ ጉሙ ከገብሱ ማሳ ላይ ገና አልተነሣም። እኔ የደረሰኝ የአእምሮ ሕሙማንን በየቤታቸው ከሚጎበኙት መምህራችን ጋር መሄድ ነው። መምህራችን ነርስ ናቸው፤ ረጅም፣ ቶሎ የሚቆጡ፣ ቶሎ የሚበርዱ ሰው።

«ሕመምተኛውን ስለሚሰማው ድምፅ አትጀምሪበት» አሉኝ ገና ከከተማው ሳንወጣ። «መጀመሪያ ምን መሥራት እንደሚፈልግ ጠይቂው። ምልክቱ ጠፋ ማለት ዳነ ማለት አይደለም። ሰው ዳነ የሚባለው ከሰው ሲቀላቀል ነው።»

እንዳልረሳው በልቤ ደጋገምኩት። ወንዙን ስንሻገር ቃል በቃል ብነግራቸው ደስ አላቸው፤ እኔም የእሳቸው ደስታ አስደሰተኝ።

ከዚያ በኋላ ግን ዓይኔ ወደ መንገዱ ሄደ። እህል የጫኑ ሴቶች አለፉን፤ በትር የያዙ ሽማግሌዎች አለፉን። በሬ የሚነዳውም፣ አጥር የሚያጥረውም ሽበታም ነው።

«ምነው ጎረምሳ አይታይም?» አልኳቸው።

መምህሬ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ወደ ኋላ ዞረው አዩ። «አፈሳ ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እያንዳንዱ የገበሬ ማኅበር ለብሔራዊ ውትድርና የሚልከው ቁጥር አለበት። ልጆቹ ቀን ገደል ውስጥ ተደብቀው ይውላሉ።»

ቀና ብዬ ገደሉን አየሁት። ጉም ሞልቶታል። ከውስጡ ሰዎች ቁልቁል የሚያዩን መስሎኝ እርምጃዬን አፈጠንኩ።

የምንሄድበት ቤት ልጅ ዕድሜው ከሃያ አምስት አይበልጥም። አባቱ ከሞቱ በኋላ ታሞ፣ የራሱን የገብስ ክምር አቃጥሎ፣ ዱር ለዱር ሲዞር ከርሟል። እናቱ ጠበል ወሰዱት፤ ሲያመልጥ ጊዜ እግር ብረት አስገቡለት። በመጨረሻ ወደ ጤና ጣቢያው አምጥተውት በየወሩ የሚወጋ መርፌ ተጀመረለት። ከጥቂት ወራት ወዲህ ደኅና ሆኗል ተብለን ነበር።

ስንደርስ ግን ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። አንገቱን ሰብሮ ያንጎራጉራል። ብረቱ እግሩ ላይ ነው።

መምህሬ ፊታቸው ተለዋወጠ። «ምነው እናት! ምነው! ደኅና ሰው ታስሮ ይዋል?» ብለው እናቱ ላይ ጮኹ።

እናቱ በትከሻችን ላይ አሻግረው መንገዱን ያያሉ። «ከኋላችሁ የሚመጣ ሰው አለ?»

«ማንም የለም።»

እናቱ ለልጁ በአንገታቸው ምልክት ሰጡት። ጎንበስ ብሎ ብረቱን እንደ ጫማ ከእግሩ አወለቀና ተነሣ። መቆለፊያ አልነበረውም።

«እንደምን ዋላችሁ» አለን እየሳቀ። «ድምፃችሁን ከሩቅ አልለየሁትም። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር መስሎኝ ጫማዬን ተጫማሁ።»

መምህሬ ብረቱን አንሥተው አገላብጠው አዩት። ነገሩ ለእኔም ቀስ እያለ ነው የገባኝ፦ እብድ ለውትድርና አይወሰድም። በዚያ መንደር በጠራራ ፀሐይ ደጁ ላይ የሚቀመጥ ጎረምሳ እሱ ብቻ ነበር።

ቤት ገብተን ተቀመጥን። መዳፉ እርፍ በመያዝ አዲስ ውኃ ቋጥሯል፤ ሳይነጋ እያረሰ ሰው ሳያየው እንደሚመለስ ነገረን። ጣቶቹ ግን ይንቀጠቀጡ ነበር። የመድኃኒቱ ጠባይ መሆኑን መምህሬ አስረዱኝ።

እንደተማርኩት ጠየቅሁት። «ምን መሥራት ትፈልጋለህ?»

ሳያስብበት መለሰ። «የአባቴን ጽዋ መረከብ።»

አባቱ የሚካኤል ማኅበርተኛ ነበሩ። በየወሩ በተረኛው ቤት ተሰብስበው ይጸልያሉ፣ ዳቦ ይቆርሳሉ፣ ጠላ ይጠጣሉ፤ ከዚያ ጽዋው ለሚቀጥለው ደጋሽ ይተላለፋል። አባት ሲሞት ልጅ በቦታው ይገባል። አእምሮው ለታወከ ሰው ግን ጽዋ አይሰጥም። የአባቱ ቦታ እስከዚያ ቀን ክፍት ነበር።

«ሊቀመንበሩም ማኅበርተኛ ነው» አሉ እናቱ። «ፊት ለፊትህ ተቀምጦ ደኅና መሆንህን ያያል። ደግሞ ከሚልከው ቁጥር ሰው ጎድሎታል ይላሉ።»

«እማዬ፣ እስከ መቼ እብድ ልሁን?»

«በሕይወት እስካለህ ድረስ!»

«ሕይወት ብለሽው ነው? የእኩዮቼ እህቶች በደጄ ሲያልፉ ‹አጅሬው፣ ብረቱ ተመቸህ ወይ?› ይሉኛል። ሚስትም አገርም ያለኝ ሰው አልመስልም።»

እናቱ ወደ መምህሬ ዞሩ። «አንቱ ሐኪሜ፣ ይፍረዱኝ። አይሆንም ይበሉት።»

መምህሬ ወደ ልጁ ዞሩ። «ከፈለግህ» አሉት፣ «ለሊቀመንበሩ ገና አልዳነም እለዋለሁ።»

«እንዲያ ካሉማ ማን ጽዋ ይሰጠኛል?» አለ ልጁ። «ይተዉት። እንዲያ አይበሉብኝ።»

«እንግዲህ ውሳኔው የእሱ ነው» አሉ መምህሬ። ትክክል እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ያስተማሩኝም ይህንኑ ነው። እናቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሲያዩን ግን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

በወሩ ሚካኤል በተረኛው ቤት ማኅበሩ ላይ ተጠራን። እኔና መምህሬ በሩ አጠገብ ተቀመጥን። ሊቀመንበሩ ከቄሱ ቀጥሎ ነው የተቀመጠው፤ ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎታል። ጸሎቱ አለቀ፤ ሙሴው፣ ማለት የማኅበሩ መሪ፣ «ተረካቢ ማነው?» አሉ።

ልጁ ተነሣ። ሁሉም ወደ እግሩ አዩ።

«ብረቱንስ የት ጣልኸው?» አሉት አንድ ሽማግሌ።

«አስቀምጨዋለሁ፣ አያ። ሲሰክሩ እርስዎ ይታሰሩበታል።»

ሳቁ ፈነዳ። ቄሱ እንኳ መስቀላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም፤ የልጁን እጅ ያያል።

እኔም እጁን ነበር የማየው። ጽዋው እስከ አፉ ሞልቷል። ቢያፈስ «ገና ነው» ብለው ይመልሱታል፤ ወደ ደጁም ወደ ብረቱም ይመለሳል። እናቱ ከጓዳው በር ላይ ቆመው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ለምን እንደሚጸልዩ ገምቻለሁ። እኔ ግን ምን እንደምመኝ አላወቅሁም።

ክርኖቹን ከጎኑ ጋር አጥብቆ ጽዋውን ተቀበለ። አንዲት ጠብታ አልወደቀችም። ከቄሱ ጀምሮ በየተራ አስጎነጨ። ሊቀመንበሩ ጋ ሲደርስ ሰውየው በረጅሙ ጠጣ፣ ጺሙን ጠረገ፣ ከዚያ ገበያ ላይ በሬ እንደሚገዛ ሰው ከትከሻው እስከ ባቱ አየው።

«ሸጋ ነው!» አለ። «ድነሃል እኮ! ትከሻህም ወጥቷል።»

ማኅበርተኛው ሁሉ እልል አለ። ከጓዳ እልልታ አልተሰማም።

ሳምንት አልሞላም። እናቱ በባዶ እግራቸው ጤና ጣቢያው ደረሱ፤ ሚሊሺያዎቹ ልጁን ከእርሻው ላይ ወስደውታል። መምህሬ ሊቀመንበሩ ቢሮ ገቡ፤ እኔም ተከተልኳቸው።

«ጓድ፣ ይህ ሰው ደኅና የሆነው በመርፌው ነው» አሉ መምህሬ። «መርፌው ከተቋረጠ ሕመሙ ይመለሳል።»

«እናንተ አይደላችሁ ዳነ ያላችሁ?»

«ዳነ ማለት…»

«ጓድ ነርስ» አለ ሊቀመንበሩ፣ ሳይቆጣ። «እንግዲያ እኔ የሚካኤልን ጽዋ የጠጣሁት ከእብድ እጅ ነው ልትለኝ ነው?»

መምህሬ ቢያንስ የወሩን መርፌ እንድንወጋው ለመኑት።

የተያዙትን ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ነበር ያሰባሰቧቸው። መርፌውን እንድንወጋው ብቻ ተፈቀደልን። ፀጉራቸው ተላጭቶ፣ እኩል ተደርድረው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። የወጋሁት እኔ ነኝ፤ የመድኃኒቱን ጠርሙስ ለመስበር ሦስት ጊዜ ሞከርኩ።

«አይዞሽ» አለኝ። «ይህ እስከ መቼ ይይዘኛል?»

«አንድ ወር።»

«ከዚያስ?»

የመድኃኒቱን ስም በቃሉ እንዲይዘውና እዚያ ለሚያገኘው ሐኪም እንዲናገር አልኩት። ስሙ ለአፉ አልገራለትም። በክፍል ከፍዬ ነገርኩት፤ እንደ ዳዊት ተማሪ እየደጋገመ ያዘው። አንዱ ጎረምሳ ከጎኑ «ምን እያልህ ነው፣ ድግምት ነው?» ቢለው «ላንተም ይሆናል፣ ያዘው» አለው።

እናቱን ከአጥሩ ወዲያ አቁመዋቸዋል። «ልጄ፣ የሚካኤልን ድግስ ልተወው?» ብለው ጮኹ።

«እንዳታደርጊው!» አለ። «ጠላውን ጥመቂ። ጽዋውን በእኔ ቦታ አንቺ አስረክቢ።»

መኪናዎቹ ገቡ። አንድ በአንድ እየተጠሩ ወጡ፤ ሲሞላ ሸራው ተለቀቀ። ወደ ጎንደር ቁልቁል ሲነሡ ከኋላ ባለው ክፍት ቦታ ፊቶች ይታዩ ነበር። መምህሬ አንገታቸውን አስግገው ይፈልጋሉ።

«አየሽው?» አሉኝ።

«አላየሁትም» አልኳቸው። ሁሉም ተላጭተዋል፣ ሁሉም ጎረምሶች ናቸው። የትኛው እንደሆነ መለየት አልቻልኩም።