ንግሥቲቱ በሩን ትከፍታለች ወይ?

ባለቤቴና እኔ ለመጨረሻ ጊዜ አብረን ያደረግነው ነገር ስለ አንዲት ንግሥት መጨቃጨቅ ነው። ንግሥቲቱ ኖራ አታውቅም። ከባሕር ማዶ መጥቶ በአማርኛ በተተረጎመ ተከታታይ ድራማ ውስጥ ያለች፣ ፀጉሯ እስከ ወገቧ የሚወርድ፣ ግን አንድም ቀን ስትበጠር ያላየናት ሴት ናት።

ዝናብ ነበር። የአሶሳ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ቴሌቪዥን አይሰማም፤ ስለዚህ ወንበራችንን ስበን ስክሪኑ ሥር ተቀምጠን ነበር። የንግሥቲቱ ባል ጦርነት ላይ ሞቶ በእጇ አፈር አልብሳዋለች፤ እኛው ራሳችን አይተናል። አሁን ግን የግንቡ በር ተንኳኳ። ጠባቂው በቀዳዳ አጮልቆ አየና «እመቤቴ፣ ንጉሡ ናቸው» አለ። ንግሥቲቱ ተነሥታ ደረጃውን ወረደች። እጇን ወደ መቀርቀሪያው ስትዘረጋ መብራት ሄደ።

«ትከፍታለች» አለ ባለቤቴ በጨለማው ውስጥ።

«አትከፍትም።»

«ባሏ እኮ ነው!»

«ባሏንማ ቀብራዋለች። ደጅ የቆመው ሌላ ነገር ነው። ጤነኛ ሰው ከሆነች መጀመሪያ ማነህ፣ ምን ፈለግህ ትላለች።»

«እኔ ሞቼ ብመጣ ማነህ ልትይኝ ነው?»

«አንተ መቼ ታንኳኳለህ? በሕይወትህ በር አንኳኩተህ ታውቃለህ? ዘው ነው የምትለው፣ ያውም ከነጭቃህ።»

«እሺ ባንኳኳስ?»

«አልከፍትም። ነገ ና እልሃለሁ።»

ሳቀ። ሳቁ ከዝናቡ በላይ ተሰማ። መብራቱ ሳይመጣ ቀረ፤ ራታችንን በእጅ ባትሪ ብርሃን በልተን ተኛን። በማግስቱ ጠዋት ቢሮ ገብቶ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ልቡ ቆመ። ሻይ አዝዞ ነበር አሉ። ሻዩ ሲመጣ እሱ የለም።

እኔና እሱ ድራማ የምናየው ለመፍረድ ነበር። እሱ የገጠር ውኃ ፓምፕ መካኒክ ነበር፤ ዕድሜውን በመንጌ፣ በኩርሙክና በቶንጎ መንገድ ላይ አቧራ ሲቅም የኖረ። እኔ አራተኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ሁለታችንም ከሌላ ክልል ተመድበን መጥተን እዚህ የተገናኘን ሰዎች ነን። ቀን ቀን ማንም አይሰማንም፤ ማታ ማታ ግን ዳኞች ነበርን። ድራማው ውስጥ አንዱ አንድ ነገር ባደረገ ቁጥር አንዳችን «አሁን ሰው እንዲህ ያደርጋል?» እንላለን። ከዚያ በኋላ ክርክር ነው።

ድራማው ውስጥ ያለው ዘንዶ አስጨንቆን አያውቅም። «ዘንዶውን እሺ» ይል ነበር ባለቤቴ፣ ከኪሱ አውጥቶ እንደሚመጸውት ሰው እጁን እየዘረጋ። «ይብረር። እሳትም ይትፋ። ተራራ አናት ላይ ያን የሚያህል ከተማ ሲሠሩ ውኃውን ከየት እንደሚያመጡት ብቻ ይንገሩኝ። አንዲት ሴት ጀሪካን ይዛ ስትወጣ አይተሻል?» እኔን የሚያናድደኝ ደግሞ ምግቡ ነበር። ገበታ ሙሉ ሥጋ ይቀርባል፤ አንዱ ክፉ ወሬ ይዞ ይገባል፤ ሁሉም ሳይቀምሱ ተነሥተው ይወጣሉ። ክፉ ወሬ የሰማ ሰው አይበላም ቢሉኝ እቀበላለሁ። ግን ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል አንዲት ቁራጭ ሥጋ በኪሱ ይዞ የሚወጣ እንዴት ይጠፋል? «እኔ እሆን ነበር» ይላል ባለቤቴ፤ እውነቱን ነው።

ተርጓሚዎቹ ጥቂት ስለሆኑ ንጉሡና ወጥ ሠሪው አንድ ድምፅ ነበራቸው። ንጉሡ በሞተ ማግስት ወጥ ሠሪው በዚያው ግርማ ሞገስ «ምሳ ደርሷል» ሲል ባለቤቴ ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። «ይኸውልሽ፣ አልሞተም! ከደረጃው ዝቅ ተደርጎ ወጥ ቤት ተመድቦ ነው» አለ። የመሥሪያ ቤት ሰው አይደል፤ የሞትና የዝውውር ልዩነት ብዙም አይታየውም ነበር።

ለቅሶው እንደ ደንቡ ሆነ። ድንኳን ተተከለ፣ አግዳሚ ወንበር መጣ፣ የባለቤቴ ታላቅ እህት ከድባጤ መጡ። እትዬ ነው የምላቸው። በገቡ ማግስት ነጠላ አውጥተው ቴሌቪዥኑን ሸፈኑና ጫፎቹን ከኋላ ጥብቅ አድርገው ቋጠሯቸው። ሐዘን ቤት ቴሌቪዥን እንደማይከፈት አውቃለሁ። ግን ተሸፍኖ ሲታይ ከለቀስተኞቹ አንዷን መሰለ፤ ግድግዳ ተደግፋ ዝም ያለች፣ ከሁሉም ቀድማ መጥታ ከሁሉም በኋላ የምትሄድ።

አንዷ «አልቅሺ፣ ይወጣልሽ» ትለኛለች። አጠገቧ ያለችው «አታልቅሺ፣ ዓይንሽ ይጠፋል» ትለኛለች። እንድበላ ይለምኑኛል፤ ስበላ ደግሞ «ጎሽ፣ በላች» ብለው ይተያያሉ፤ «ጎሽ»ው ውስጥ ትንሽ ቅሬታ አለ። እኔ መካከላቸው ሆኜ የማስበው ስለ በሩ ነበር። ከፈተች ወይስ አልከፈተችም? ሰውዬው ክርክራችንን ሳንጨርስ ሄዷል፤ ማን እንደረታ አላውቅም። ማወቅ ፈለግሁ። በዚያን ሰሞን ከማንኛውም ነገር ይልቅ የፈለግሁት ይህን ማወቅ ነበር፤ ግን ማንን እጠይቃለሁ? ባሏ አፈር ሳይደርቅበት ስለ ድራማ የምትጠይቅ ሴት! እትዬ ቢሰሙኝ ጠበል ይወስዱኝ ነበር።

ጎረቤቴ ግን ሳልጠይቃት ነገረችኝ። የበርታ ተወላጅ ናት፤ ገበያ ላይ ባሚያና ለውዝ ትሸጣለች። አማርኛን የተማረችው ከገበያ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም እንደመጣላት ትጠራለች፤ ስሕተት ነው ብሎ ዋጋ ያስቀነሰ ደንበኛ የለም። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ የማሽላ ገንፎና የባሚያ ወጥ ይዛ መጥታ አጠገቤ ትቀመጥ ነበር። አንድ ቀን እትዬ ወደ ጓዳ ሲገቡ ጠብቃ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ኡኽቲ» አለችኝ፤ እህቴ ማለቷ ነው። «ንግሥት አልከፈተም።»

ክው አልኩ። «ይህን እንደማስብ በምን አወቅሽ?»

«ያን ማታ ስትጨቃጨቁ ሰማሁ። ሁልጊዜ እሰማለሁ። ባልሽ ሲስቅ የኔም ልጆች ይስቃል። በነጋታው ድራማው ተደገመ፣ ቤቴ አየሁ።»

«እና ምን አለችው?»

«ከውስጥ ሆኖ፣ ሂድ፣ ነገ ሽማግሌ ይዘህ ና፣ አለ።»

ሳቄ አመለጠኝ። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ ድምፄን ባፍነውም ትከሻዬ ተንቀጠቀጠ፤ ፊት ለፊቴ የተቀመጡ አንዲት ሴት ማልቀሴ መስሏቸው «እህህ፣ አይዞሽ» ብለው ጮኸው ማልቀስ ጀመሩ። ቤቱ በሙሉ ተቀበላቸው። እኔ በሳቅ እንባ፣ እነሱ በሐዘን እንባ፣ ጥሩ ለቅሶ ሆነ። ያን ቀን ማታ ሁሉም «ዛሬ ወጣላት» ተባባሉ።

እንግዲህ ረትቻለሁ ማለት ነው። ግን ዞር ብዬ «አላልኩህም?» የምለው ሰው አልነበረም። እንዲህ ያለ ድል ለጠላትም አይስጥ።

ጎረቤቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከገንፎው ጋር ድራማውንም ታመጣ ጀመር። ሰውዬው እውነትም ሽማግሌ ይዞ መጣ። ሽማግሌዎቹ ከደጅ አስቁመው ጠየቁት፤ ማን ክርስትና አነሣህ፣ ማን ገነዘህ፣ ከሞትክስ ወዲህ የት ስትበላ ሰነበትክ አሉት። ንግሥቲቱም ከውስጥ ሆና ጎረቤቶቿን አስጠርታ አማከረች። ሴትዮዋ ባንድ ሳምንት ውስጥ እንዲህ አስተዋይ መሆኗ ገርሞኝ ነበር።

አንድ ቀን «ሽማግሌዎቹስ ምን ወሰኑ?» የሚል ድምፅ ከኋላችን መጣ። እትዬ ናቸው። ማንኪያ እንደያዙ ቆመዋል።

«እያሰቡ ነው» አለች ጎረቤቴ ሳትደነግጥ።

«ምን ያስባሉ? መቃብሩን ሰው ልከው ያሳዩ እንጂ!»

«ላኩ። መቃብር እንደተዘጋ ነው።»

«በቃ አታላይ ነዋ! ይሄን ሁሉ ራሷ እስክትመረምር ዘመድ የላትም ሴትዮዋ? ባሏ ሲሞትስ ማን አብሯት ተቀመጠ?»

እኔና ባለቤቴ ያን ሁሉ ጊዜ ስንፈርድ ይህን አላየንም ነበር። ንግሥቲቱ ንጉሡን ቀብራ ስትመለስ ግንብ ላይ ብቻዋን ቆማ፣ ነፋስ ፀጉሯን እየበተነው፣ አንዲት እንባ ነው ያፈሰሰችው። አንዲት! በግራ ጉንጯ። «ብዪ» ያላት የለም። ጨው የት ነው ብሎ በሐዘኗ መሐል የጠየቃት የለም። የሰባት አገር ንጉሥ ሞቶ አንድ ሰው አብሯት አላደረም። የእኔ ባል ሲቀበር የባጃጁ ሰልፍ አስፋልቱ ድረስ ነበር፤ ከመንጌ በአይሱዙ ተጭነው የመጡ ሰዎች የእኔን ስም እንኳ ሳያውቁ «ፓምፓችንን የሠራልን» እያሉ አለቀሱ። ንጉሡም አንድ ፓምፕ ጠግኖ ቢሞት ኖሮ ቀባሪ አያጣም ነበር።

«እኛ አገር በዚያ ክፉ ጊዜ እንኳ» አሉ እትዬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሰው ብቻውን እንዲያለቅስ አልተውነውም።» ድባጤ ላይ ሰው ያለቀበትን ያን ጊዜ ያነሱት ያኔ ብቻ ነው። ከዚያ ወደ ጎረቤቴ ዞረው «ነገ በጊዜ ነዪ፣ ውሳኔውን ሳልሰማ እንዳትጀምሩ» አሏት።

አርባው ወጣ። በማግስቱ እትዬ ራሳቸው የቴሌቪዥኑን ነጠላ ፈቱ። «እስቲ ያንን ንጉሥ ነኝ ባይ አሳዩኝ» አሉና ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጎረቤቴ ገበያ እንደምትሄድ ተናገረች፤ ጊዜው መሽቶ ነበር። እትዬ ክንዷን ይዘው አስቀመጧት።

ድራማው ጀመረ። ሰውዬው ዙፋን ላይ ተቀምጧል። ንግሥቲቱ አጠገቡ ቆማ ወይን ትቀዳለታለች።

«ይሄ ማነው?» አሉ እትዬ።

«ንጉሡ ናቸው» አልኩ።

«የሞተው? ማን አስገባው? ሽማግሌዎቹ የታሉ?»

ሁለታችንም ጎረቤቴን አየናት። የተከናነበችውን ቶብ ፊቷ ላይ ሳበች።

«ከፈተ» አለች ከውስጥ። «ያን ቀን ወዲያው ከፈተ። ሽማግሌ የለም።»

«ሽማግሌዎቹን ከራስሽ ነው ያመጣሻቸው?» አሉ እትዬ። ከተቆጡት ይልቅ ያዘኑት ይበልጣል፤ ሽማግሌዎቹን ወደዋቸው ነበር።

«ለምን ዋሸሽኝ?» አልኳት።

ቶቡን ገለጠች። «አንቺ በር ታያለሽ፣ ኡኽቲ። ቆርቆሮው በነፋስ ሲንኳኳ አንገትሽ ቀና ይላል። ሰው ሁሉ ሲያወራ አንቺ በር ታያለሽ። እንዴት ብዬ ንግሥት ከፈተ ልበልሽ? ማታ ሄደሽ ደጅ ልትቀመጪ ነው። ዝናብ ነው። ኻላስ፣ በቃ፣ አልከፈተም አልኩ።»

ያየኝ ሰው ያለ አልመሰለኝም ነበር። የውጭ በራችን ቆርቆሮ ነው፤ ነፋስ ሲመታው ልክ እንደ ጣት ነው የሚያንኳኳው።   ቴሌቪዥኑ ላይ ወጥ ሠሪው በንጉሡ ድምፅ ራት መድረሱን ተናገረ።

በሚቀጥለው ቀን በእረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ተቀምጬ ያንን ክፍል በስልኬ ፈልጌ አየሁት። እውነትም ከፈተችው። ነፋስ መጣ፣ ፀጉሯ ተበተነ። ከመቃብር የመጣ ሰው ልብሱ ተተኩሷል። ስለ ዙፋኑ ረዥም ንግግር አደረገ። በርዶሃል ወይ አላለችውም፤ እጁን አልነካችውም። እሱም እንዴት ከረምሽ አላላትም። ፍርዴ ይኸው፤ ሁለቱም ሰው አይደሉም፣ ዘንዶው ይሻላቸዋል። በሩን መክፈቷ ግን፣ በዚያ ድራማ ውስጥ ካየሁት ሁሉ እሱ ብቻ የሰው ሥራ ነው። ባለቤቴ ትክክል ነበር። ያን ማታ አልከፍትም ያልኩት እሱ ከእኔ ጋር ቤት ውስጥ ስለነበረ ነው።

«ረትተሃል» አልኩ ጮክ ብዬ። የሒሳብ አስተማሪው ስልክ የማወራ መስሎት ይቅርታ ጠይቆ ወጣ።

እትዬ ወደ ድባጤ ተመልሰዋል። አንዳንዴ ይደውሉና ከጎረቤቴ ጋር አገናኚኝ ይሉኛል፤ ሽማግሌዎቹ ከምን እንደደረሱ ለመጠየቅ ነው፤ እሷም ሳታፍር ትነግራቸዋለች።

እኔ አሁን ጠዋት አስተምራለሁ። ማታ ጎረቤቴ ትመጣለች፤ እሷ ባሚያ እየቀነጠሰች፣ እኔ ደብተር እያረምኩ፣ እየተጨቃጨቅን ድራማውን እናያለን።