የዝግ ዘመኑ አልጋ ልብስ

ኪሚኦራ አማቷን አልቅሳ ሳትጨርስ የባሏ እህት ቱአኔ መኝታ ቤት ገብታ ሳጥን ስትጎለጉል አገኘቻት።

«ምን ፈልገሽ ነው?»

«ምን እፈልጋለሁ! አልጋ ልብሱን ነዋ። እናቴ በምን ትሸፈን?»

ራሮቶንጋ ደሴት ላይ ሰው ሲሞት ከቤቱ በእጅ ከተሰፉት አልጋ ልብሶች ምርጡ አብሮት ይቀበራል። አሮጌ ማልበስ ነውር ነው፤ የሱቅ ብርድ ልብስማ አይነሳ! ኪሚኦራ ይህ ጠፍቷት አይደለም። ስንቱን በሰው ሰርግና በሰው ልቅሶ ሰጥታ ጨርሳለች። የቀራት አንድ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልሰጥም ብላለች።

ከዓመታት በፊት ያ ወረርሽኝ ዓለምን ሲያምስ ደሴቱ ተዘጋ። ኪሚኦራ ክፍል የምታጸዳበት ሆቴልም ተዘጋና ሠራተኞቹን አሮጌ አንሶላ አሸክሞ አሰናበታቸው። ደጎች ናቸው እኮ! እሷም በዚያ አንሶላ ላይ ዘመኑን ሰፋችበት። ሌላው ሴት አበባ ይሰፋል፤ እሷ ግን ሰው ያልያዘ አውሮፕላን ሰፋች። አጥር ላይ የተንጠለጠለ የጎደሬ ቅጠል ሰፋች። በነጭ ጨርቅ ላይ ጥቁር ስልክ ሰፋች። የልጅ ልጆቿ አንድ ቀን ገልጠው ምን እንዳለፈባቸው እንዲያውቁ ነበር ሐሳቧ።

ማን ይስማት! «ኧረ ኪሚኦራ፣ ይሄ አልጋ ላይ ይነጠፋል? እንቅልፍ ይነሳል!» እያሉ ሴቶቹ ሳቁባት። አጠገቧ ተቀምጠው እያንዳንዱን ቁራጭ «ይሄስ? ይሄስ?» እያሉ የጠየቋት አማቷ ማማ ቴፓኤሩ ብቻ ነበሩ። ጠርዙን እንኳ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው አጣመው ሰፍተውላታል።

ቱአኔማ ዓይኗን ጥላበት አታውቅም። «ያ ጊዜ አልፏል፤ ቡትቶሽን ከፊቴ አንሺልኝ» ነው መልሷ። ልጇ ታኦሮ ለሥራ ባሕር ማዶ ኦክላንድ ሄዶ፣ በዚያው በሽታ ሞቶ፣ መንገድ ዝግ ስለነበር እዚያው ተቀበረ። እናቱ ቀብሩን ያየችው በስልክ ነው። ከዚያ ወዲህ ስሙን ፊቷ የሚያነሳ የለም።

«ይሄን አልሰጥም» አለች ኪሚኦራ። «ያንቺ ሳጥን ሙሉ አይደለም እንዴ? ከዚያ አምጪ!»

«እናቴ የኖረችው ያንቺ ቤት! ሰው ምን ይላል? ለጨርቅ ሳስታ አማቷን ራቁቷን ሸኘች ነው የሚሉሽ!»

እንደ አገሩ ልማድ እዚያው ግቢው ውስጥ መቃብሩ ተቆፍሮ አልቋል። ፓስተሩ ደርሷል። ባሏ ሮንጎ በበሩ አንገቱን አስግጎ፣ «ፎቶ አንሺውና ይሂድ በቃ» አላት።

«ፎቶ! ብቻዬን ስንት ዓመት በመርፌ ወግቼ ወግቼ፣ ፎቶ?»

«እናቴ ናት፣ ኪሚኦራ።»

አንድ ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ። ብትናገረው ቱአኔ እግሯ ስር ትወድቅ ነበር። ግን በሞተ ልጅ ሰው አይመታም፤ ዋጠችው። አልጋ ልብሱን አንስታ ቱአኔ ደረት ላይ ወረወረችው።

«እንኪ! ቅበሪው! ደስ ይበልሽ!»

ቱአኔ በሬሳ ሳጥኑ ውስጥ እናቷን አለበሰቻት። አውሮፕላኑን አስተካከለች፣ ጠርዙን ሸጎጠች። ድንገት እጇ ቆመ። ከስልኩ ስር ያለው ነጭ ጨርቅ የሸሚዝ ኪስ ነበር፤ ኪሱ ላይ በቀይ ክር የተተከለ አዝራር አለ። ነጭ ክር አልቆባት በቀይ የተከለችው ራሷ ቱአኔ ናት። ልጁ «ጓደኞቼ ይስቁብኛል» ብሎ አኩርፏት ነበር።

«ይሄ... ይሄ...»

«የሱ ነው» አለች ኪሚኦራ። «እኔ ቤት ትቶት የሄደው የትምህርት ቤት ሸሚዝ። ስንቴ ነይና እዪ አልኩሽ? ስንቴ!»

ፓስተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። ኪሚኦራ መቀሷን ከኪሷ አወጣች። «ልፍታልሽ። ስፌቱ የኔ ነው፣ ቶሎ ይለቃል።»

ቱአኔ እጇን ያዘቻት። ኪሱን ዳሰሰችው፣ አዝራሩን ዳሰሰችው።

«ተይው» አለች። «ልጄ አገሩ ይግባ።»

ክዳኑ ተከደነ። ኪሚኦራ መቀሷን እንደያዘች አፈሩ ሲወርድ ቆማ አየች። አልቅሳ አልወጣላትም፤ ተናዳም አልወጣላትም። ከነአውሮፕላኑ፣ ከነሁሉ ነገሩ ሄደ። የሚያስታውሱላት አማቷም አብረውት ሄዱ።

ቱአኔ ክንዷን ነካ አደረገቻት። «ከስልኩ አጠገብ የነበረው ቅጠል ምንድን ነው?»

«አሁን ነው የምትጠይቂኝ? ከተቀበረ በኋላ?»

«አዎ፣ አሁን። ንገሪኝ።»

ኪሚኦራ በክርኗ ገፋ አደረገቻት፤ ፊቷንም በመዳፏ ጠረገች።

«ጎደሬ ነው» አለች። «ሁላችንም ታመን የተኛን ጊዜ እንድንበላው አጥሩ ላይ የሰቀልሽልን አንቺ ነሽ።»