በየመስከረሙ የሚለሰነው ግድግዳ

አያቴ ሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ደብረ ታቦር ውስጥ፣ በኪራይ ቤት አረፉ። አባታቸው መሀል ከተማው ላይ የሠሩት የድንጋይና የጭቃ ቤት ለአዲስ ሕንፃ ሲባል ከፈረሰ አራተኛ ወሩ ነበር።

ከጉና ተራራ በኩል የሚመጣው የክረምት ዝናብ ባቆመ ቁጥር፣ አያቴ ሱሪያቸውን ሰብስበው ጭቃና የጤፍ ጭድ በእግራቸው ያቦኩ ነበር። ከዚያ ግድግዳውን ዙሪያውን በእጃቸው ይለስናሉ። «ዝናብ የላሰውን እጅ ይመልሳል» ይሉ ነበር። አንድም መስከረም ዘለው አያውቁም።

ቤቱ በቅርስነት ከተመዘገበ እንደማይፈርስ ሲነገራቸው አመለከቱ። የቅርስ ባለሙያው ቤቱን ሊያይ ሲመጣ አብሬያቸው ነበርሁ። ግድግዳውን በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገው።

«አባቴ፣ ይኸ እኮ አዲስ ነው።»

«አዲሱ ልስኑ ነው። ጋቢዬን ባሳጥበው እኔ ልጅ እሆናለሁ?»

ባለሙያው ሳቀ። ቅጹ ላይ ግን «እድሳት የበዛበት፣ ጥንታዊ ይዘቱን ያልጠበቀ» ብሎ ጻፈ። እኔም ጋዜጠኛ ነኝና ሁለቱንም ወገን ጠይቄ ዜናውን ለጋዜጣችን ሠራሁ። አያቴ አንብበው ሲጨርሱ «ሁላችሁም ልክ ናችሁ፤ ያጠፋው ቤቱ ብቻ ነው» አሉኝ።

ዘንድሮ ዝናቡ ካቆመ በኋላ በዚያ አለፍሁ። የራሰ ጭድ ሽታ የለም። ቤቱ የነበረበት ቦታ ለመሠረት ተቆፍሯል።

አጠገቡ ያለውን አሮጌ ቤት ባለቤቶቹ ትተውት ከሄዱ ወዲህ የነካው ሰው የለም። የአያቴ ማመልከቻ ውድቅ በሆነበት ሳምንት በቅርስነት ተመዝግቧል። በዚህ ክረምት የምሥራቁ ግድግዳ ወድቋል።