በሰባት ግቢ የተቆጠረው ዳስ

ባዳሳ ሲቆጣ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጣል። የእድሩ ሰዎች ይህን አመሉን ስለሚያውቁ፣ ኮፍያው ወደ ጉልበቱ ሲወርድ ካዩ ወዲያው ወሬ ይቀይራሉ። የግምት ቢሮው ሰዎች ግን አመሉን ከየት ያውቁታል? በዚያ የሚያዝያ ማክሰኞ ጠዋት ኮፍያው ጉልበቱ ላይ ከተቀመጠ ሁለት ሰዓት አልፎት ነበር። ከመስኮቱ ወዲያ ያሉት ሻይ ይጠጣሉ፤ ከመስኮቱ ወዲህ ያለው ሰው ወረቀቱን ይዞ አግዳሚው ላይ ይጠብቃል።

ወረቀቱ የቤት ግብር ግምት ነው። ባዳሳ ሮቤ ውስጥ ከእህል በረንዳው ጀርባ ባለ ሦስት ክፍል ቤት አለው። ሠላሳ አንድ ዓመት የኮምባይነር መካኒክ ሆኖ ሲሠራ፣ ስንዴው ጥሩ ሲገባ አንድ ክፍል፣ ሳይመች ሲቀር አንድ ግድግዳ እየጨመረ ያቆማት ቤት ናት። ጭቃውን ከጭድ ጋር የረገጡት እሱና ሚስቱ ቢፍቱ ናቸው። ሃምሳ አራት ካሬ፣ አለቀ። ለእሷ ገብር ሲባል ሲገብር ኖሯል፤ የጣራና ግድግዳ ደረሰኞቹን ከልጆቹ የክትባት ካርድ ጋር በአንድ ፌስታል ጠቅልሎ አስቀምጧል። አሁን ግን ከቤቱ ስር ሌላ መስመር ተጽፎበታል፦ «አዳራሽ፣ ዘጠና ስድስት ካሬ፣ ቋሚ ግንባታ፣ ለንግድ የሚውል።»

አዳራሽ! ድንች የሚያስቀምጥበት ጎተራ እንኳ የሌለውን ሰው ባለ አዳራሽ አደረጉት። ይህ ግምት ከጸደቀ የፊተኛዋን ክፍል ለተከራይ ለቅቀው፣ እሱና ቢፍቱ በስተርጅና ወጥ ቤት ውስጥ ሊተኙ ነው።

ከጎኑ የተቀመጠችው የሰፈሩ መምህርት ሌንሳ ወረቀቷን አሳየችው። «ኦቦ ባዳሳ፣ ለእኔም አዳራሽ ሰጥተውኛል። ዘጠና ስድስት ካሬ።»

«ለእኔም!» አለ ባጃጅ ነጂው ፊሮምሳ ከኋላ።

ባዳሳ ተነሥቶ ሰልፉን ዞረ። ሰባት ሰው፣ ሰባት አዳራሽ፣ ሁሉም ዘጠና ስድስት ካሬ። ስምንት ሜትር በአሥራ ሁለት። ይህን ልክ ከገዛ ስሙ እኩል ያውቀዋል፤ የእድሩ ዳስ ነው። ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት የእድሩ ንብረት ያዥ ደግሞ ማን ሆነና? ራሱ ባዳሳ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሮቤ ዝናብ በዓመት ሁለቴ የሚመጣ፣ ነፋሱም ከተራራው የሚወርድ ስለሆነ ሸራ ዳስ አይበረክትም። አንድ ጊዜ ሸራው ከነገመዱ ተነሥቶ ከሦስት ቤት ወዲያ ተገኝቷል። ስለዚህ እድሩ አዋጥቶ የብረት ቋሚና ቆርቆሮ ገዛ፤ ባዳሳ በእጁ በየደ። ግቢያቸው ሰፋ ባለ ሰዎች ዘንድ የብረት መሰኪያዎች በሲሚንቶ ተቀበሩ፤ ሰርግ ወይም ለቅሶ ሲኖር ቋሚዎቹ መሰኪያው ውስጥ ይገባሉ፣ ሲያልቅ ተነቅለው በጋሪ ወደሚቀጥለው ግቢ ይሄዳሉ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በእሱ ድሯል፣ በእሱ አልቅሷል። ዳሱ፣ ሳህኑ፣ አግዳሚው የት እንደዋለ ባዳሳ በደብተር ይጽፋል። ባለፈው ዓመት ለዚሁ ቢሮ ምረቃ ሁለት መቶ ሳህን አውጥቶ አሥራ አንዱ ሳይመለስ መቅረቱን እንኳ ጽፏል፤ እስካሁንም ሆዱን ይበላዋል።

ታዲያ ለኪዎቹ ሰፈሩን የዞሩት በጥር ነበር። በጥር ዳሱ ዕረፍት የለውም። እሱ ከግቢ ግቢ ሲሄድ፣ እነሱም ሜትራቸውን ይዘው ከኋላው ሲከተሉ ከረሙ። የባዳሳ ልጅ ሴና በተዳረች ማግስት ደምመላሽ የሚባለው ወጣት ለኪ ግቢው ገባ። ቢፍቱ እጁን ይዛ ዳሱ ውስጥ አስቀመጠችው። ልብ በሉ፣ በላ። ሁለት ጊዜ በላ፤ ባዳሳ በእጁ አጉርሶታል። ከዚያ እጁን ታጥቦ፣ የበላበትን ዳስ ለክቶ፣ አንድ ቃል ሳይጠይቅ ሄደ።

በመጨረሻ የቅሬታ ኮሚቴው ዘንድ ሲገባ ባዳሳ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ቀኑ፣ ባለግቢው፣ የወጣው፣ የተመለሰው፤ ሁሉም አለ። የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ መነጽር ያደረገች ሴት፣ ሁለት ገጽ ገለጠችና ዘጋችው።

«ይሄ ማህተም የለውም፣ አባባ።»

«ዳሱስ ማህተም አለው?»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ዳሱ ያለ ማህተም በስሜ ከተጻፈ፣ ደብተሩ ያለ ማህተም ለምን አይነበብም?»

ደምመላሽ ከጠረጴዛው ጥግ ጣልቃ ገባ። «ብረቱ በሲሚንቶ የተተከለ ነው። መሠረት ያለው ግንባታ ቋሚ ይባላል። መመሪያው ነው።»

«የተቀበረው መሰኪያው ነው፣ ልጄ። ዳሱ ይነቀላል። ከስሩ ተቀምጠህ በልተህ የለም እንዴ?»

ደምመላሽ ዓይኑን ከወረቀቱ አላነሳም። «ስገባ አዳራሽ ነበረ። የነበረውን ጻፍኩ።»

«ለምን አልጠየቅከኝም?»

ሰብሳቢዋ ኮሚቴው ሐሙስ ቦታው ድረስ መጥቶ እንደሚያይ፣ ውሳኔውም ሰኞ እንደሚጸድቅ ነገረችውና ቀጣዩን ጠራች። ባዳሳ ደብተሩን ብብቱ ስር አድርጎ ወደ ቤቱ ተመለሰ። በስልሳ አራት ዓመቱ ሌባ ተብሎ አያውቅም፤ ዛሬ ግን ንብረት የደበቀ ሰው አድርገው አዩት።

ከግብሩ የባሰው ሰፈር ውስጥ ጠበቀው። ፊሮምሳ ዲጅኖ ይዞ የግቢውን መሰኪያዎች ሊነቅል ሲታገል ባዳሳ ደረሰ።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ይቅርብኝ፣ ኦቦ ባዳሳ። ዳሱ ደግሞ እኔ ግቢ አይቆምም። ሌንሳም አይቆምም ብላለች። ለአንድ ቀን ሰርግ ዕድሜ ልክ ልገብር ነው?»

ባዳሳ ሊቆጣው አፉን ከፈተና ተወው። ምን ብሎ ይቆጣው? ነገሩ ገብቶት ነበር። የቢሮው ሰዎች ዳሱን ሳይነኩት ሊያጠፉት ነው። ብረቱ ይኖራል፣ ቆርቆሮው ይኖራል፣ የሚያቆመው ግቢ ግን አይኖርም። ነገ ሰው ሲሞት ሰፈርተኛው የት ነው የሚቀመጠው?

ነገ ያለው እውነትም ነገ ሆነ። ረቡዕ ጠዋት አዴ ሞሚና ዐረፉ። ከባዳሳ ጋር አጥር የሚጋሩ፣ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። በዚያው ቀን ተቀበሩ። ከቀብር መልስ ዝናቡ ወረደ፤ ለቀስተኛው በየአጥሩ ጥግ ተለጠፈ። የሟቿ ልጅ ሻፊ ባለ ሱቅ ነው፤ ግቢው ጠባብ ስለሆነ ዳሱ አይገባበትም። ሰፊ ግቢ ያላቸው ደግሞ ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ።

«እኔ ግቢ ይቁም» አለ ባዳሳ።

ሻፊ እጁን ይዞ ወደ ጎን ወሰደው። «ኦቦ ባዳሳ፣ ማሎ፣ እባክዎ፣ አይሆንም። ነገ ኮሚቴው ይመጣል። ዳሱ ቆሞ ካገኙት አበቃልዎ። እኛ ዝናቡን እንችለዋለን፣ አልሐምዱሊላህ፣ ሦስት ቀን ነው።»

ባዳሳ ኮፍያውን አወለቀ፤ ቆሞ ስለነበር የሚያስቀምጥበት ጉልበት አጥቶ እጁ ላይ ቀረ። «ሻፊ፣ ሴና ስትወለድ እናትህ ከእኔ ቤት ሦስት ቀን አልወጡም። አሁን እኔ ለወረቀት ብዬ ለቅሷቸውን ዝናብ ላስመታ? ሁለተኛ እንዲህ ብለህ እንዳታናግረኝ!»

ሻፊ አለቀሰ። ከቀብር ጀምሮ አላለቀሰም ነበር። ቋሚዎቹን መጀመሪያ የተሸከመው ደግሞ ፊሮምሳ ነው፤ ዲጅኖውን የት እንዳደረሰው ማንም አልጠየቀውም።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ሰብሳቢዋና ደምመላሽ ደረሱ። ዳሱ ሙሉ ነው፤ ሼኩም ቄሱም አሉ። በእኛ ሰፈር ለቅሶ ቤት የገባ ሰው፣ ሟችን ባያውቅ እንኳ ለአፍታ ቁጭ ይላል። እነሱ አልተቀመጡም። ሰብሳቢዋ ለይስሙላ ጎንበስ ብላ «ነፍስ ይማር» አለችና ቀና ብላ ቆርቆሮውን አየች። ደምመላሽ አንዱን ቋሚ በእጁ ነቅነቅ አደረገ። ቋሚው አልተነቃነቀም፤ ባዳሳ የበየደው ብረት ነዋ!

«ያው ነው። አለ» አለ።

ባዳሳ ተነሣ። «እመቤት፣ ለቅሶ ላይ ነን እኮ! እስከ ትናንት ጠዋት አልነበረም፣ ቅዳሜ ይፈርሳል። እነዚህን ሁሉ ሰዎች ጠይቂያቸው!»

«አባባ፣ እኛ የምናየውን ነው የምንጽፈው» አለችና ጻፈች።

ከዳሱ ሲወጡ አንድም ሰው አልሸኛቸውም። ባዳሳ ቁጭ አለ። ቢፍቱ የሰጠችውን ሻይ ሳይቀምስ አስቀመጠው። ደምመላሽን በጥር የበላው እንጀራ እንኳ ይሉኝታ አላስያዘውም፤ የሰው ለቅሶ ላይ ቆሞ «ያው ነው» ይላል! ባዳሳ ንዴቱን ለመርሳት ደብተሩን አውጥቶ የዳሱን መውጫ መዘገበና ገጹን ወደ ኋላ ገለጠ፤ አሥራ አንዱ ሳህን የተጻፈበት ገጽ ላይ ሲደርስ ግን እጁ ቆመ። ለረጅም ጊዜ አነበበው። ከዚያ ሻዩን ጠጣ።

ሰኞ ጠዋት፣ ቢሮው እንደተከፈተ፣ ሁለት የፈረስ ጋሪዎች ብረትና ቆርቆሮ ጭነው በሩ ላይ ቆሙ። ባዳሳ፣ ሻፊ፣ ፊሮምሳና ሌሎች አሥር ያህል የእድሩ ሰዎች ተከትለዋል። ዘበኛው ራሱም የእድሩ አባል ነው፤ ሆኖም ሥራ ነውና ጠየቀ።

«ደብዳቤ አላችሁ?»

«አምና ለምረቃው ስንመጣ ደብዳቤ ጠይቀኸናል?» አለው ባዳሳ።

ዘበኛው ትንሽ አሰበና በሩን ከፈተ።

ባዳሳ ሣሩ ላይ ተንበርክኮ በብሎን መፍቻ አፈሩን ይቆፍር ጀመር። አንድ መሰኪያ ወጣ። ሁለተኛው ወጣ። አሥራ ሁለቱም እዚያው ነበሩ፤ ባለፈው ዓመት ለቢሮው ምረቃ፣ በቢሮው ጥያቄ፣ በባዳሳ እጅ በሲሚንቶ የተቀበሩ። ቋሚዎቹ ገቡ፣ ቆርቆሮው ተመታ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ዳሱ የግምት ቢሮው ግቢ ውስጥ ግጥም ብሎ ቆመ። ዝናብ ሲጀምር ሰልፈኛው በሙሉ ገብቶ ተጠለለበት።

ሰብሳቢዋ ጩኸቱን ሰምታ ወጣች፤ ደምመላሽም ከኋላዋ። «ምንድን ነው ይሄ? አባባ፣ አብደዋል እንዴ? አሁኑኑ ያንሱልኝ!»

«ይነሣል። መጀመሪያ ይለካ» አለ ባዳሳ። ኮፍያውን አውልቆ እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀመጠና ጉልበቱ ላይ አኖረው። አሁን ሁሉም ያየው ነበር። «ደምመላሽ፣ ሜትርህን አምጣ።»

«ይሄ እኮ ጊዜያዊ ነው!» አለች ሰብሳቢዋ።

«መሰኪያው በሲሚንቶ የተተከለ ነው። መሠረት ያለው ግንባታ ቋሚ ነው ብላችሁኛል። የምናየውን ነው የምንጽፈው ብላችሁኛል። እዩ! ከዚያ ጻፉ፤ የግምት ቢሮው አዳራሽ፣ ለንግድ የሚውል።»

ሰልፈኛው ሳቀ። ባዳሳ ግን አልሳቀም። ደምመላሽ ሰብሳቢዋን አየ። ሜትሩን ዘረጋ፤ ስምንት። በርዝመቱ ዞረ፤ አሥራ ሁለት። ሜትሩን ሲጠቀልል ፊቱ ቀልቶ ነበር።

«ስንት ሆነ?» አለ ባዳሳ።

«ዘጠና ስድስት» አለ ልጁ፣ እምብዛም በማይሰማ ድምፅ።

ሰብሳቢዋ ደብተሩን እንዲያመጣ ባዳሳን ጠየቀችው። ማህተም ያልነበረው ደብተር ያን ቀን ተነበበ። ባዳሳ የራሱን ወረቀት መጨረሻ እንዲያደርጉት አዘዘና ስድስቱ ጎረቤቶቹ በየተራ እየገቡ፣ «አዳራሽ» የሚለው መስመር ተሰርዞ ተፈርሞበት ሲወጡ ከዳሱ ስር ሆኖ ቆጠረ። የሰባተኛው ሲፈረም ስድስት ሰዓት ሆኖ ነበር።

ያኔ ዳሱን መፍታት ጀመሩ። ዘበኛው ከመጋዘኑ ዘጠኝ ሳህን ፈልጎ አመጣ፤ ባዳሳ ተቀብሎ ሁለት እንደቀረ ጻፈ። ደምመላሽ ሳይጠራ መጥቶ የቆርቆሮውን አንድ ጫፍ ያዘ። አብረው ጋሪው ላይ ጫኑት።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ ልጁ በመጨረሻ። «ለአገሩ አዲስ ነኝ። አላወቅኩም።»

ባዳሳ ኮፍያውን አደረገ። ንዴቱ ገና አልወጣለትም፤ ሊያስመስልም አልፈለገም።

«አለማወቅህንማ ቢፍቱም አውቃ ነው ይዛ ያስገባችህ። ነገም ዳስ ቆሞ ካየህ ግባ፣ ብላ፤ አትከለከልም። የጎረስክበት አፍ ግን መጠየቅም ይችላል። ቀድመህ ጠይቅ፣ ከዚያ ለካ።»